ሁለተኛው ክላርኔት

ከሞተ ሃምሳ ዓመት ያለፈውን ሰው አባቴ ነው ብዬ ያመንኩበት አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አለ። ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። ዛሬ የራሴን ልጆች ለወግ ለማዕረግ አብቅቼ እንኳ ያ ቀን ትዝ ሲለኝ ቀድሞ የሚመጣልኝ ያ እምነቴ ነው፤ እውነቱ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። እኔም እንደ አመጣጡ ልንገራችሁ።

አባቴ ኖታ ገልባጭ ነበር። ሙዚቃ የሚደርስ ሰው የሁሉንም መሣሪያ ድምፅ በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ደርድሮ ይጽፈዋል። ከዚያ ላይ ለቫዮሊኑ የቫዮሊኑን፣ ለክላርኔቱ የክላርኔቱን ለይቶ በንጹሕ ወረቀት የሚገለብጥ ሰው ያስፈልጋል። ለከተማችን ኦርኬስትራ ያ ሰው አባቴ ነበር። የሚሠራው ኦርኬስትራው በሚለማመድበት ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ሥራ ሲበዛበት ወደ ቤት ያመጣውና የምግብ ጠረጴዛውን ይወርሰዋል፤ እኛም ሳህናችንን ጭናችን ላይ አድርገን እንበላለን።

አሠራሩን ሳይ ፈዝዤ እቀር ነበር። መጀመሪያ የገጹን ጥቋቁር ነጠብጣቦች በሙሉ ይጽፋል፤ ከዚያ ማስመሪያውን ይዞ ይመለስና ለእያንዳንዷ ነጠብጣብ ዘንጓን ያቆምላታል። ከተሳሳተ ቀለሙን በምላጭ ጫፍ ይፍቃል። እናቴ እንደምትለው ግን ያቺ ምላጭ ከመጠቅለያ ወረቀቷ ሳትወጣ ዓመት ያልፋት ነበር። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ተጫዋች ተነሥቶ «ይቺ ኖታ ትክክል አይደለችም» ብሎ አያውቅም። አባቴ በዚህ አይኮራም ብል ውሸት ነው።

«ገልባጭ አያስብም፤ ያያል» ይል ነበር።

ይህን ይበል እንጂ እንደ ሙያ ጓደኞቹ ሁሉ እሱም ያስብ ነበር። ደራሲም ሰው ነው፤ ይደክመዋል፣ ይበርደዋል፣ ይረሳል። ጥሩ ገልባጭ ግልጽ የሆነ የብዕር ስህተት ሲያይ ሰው ሳይጠራ ያቃናዋል። ጎበዝ ልብስ ሰፊ የደንበኛውን የዘመመ ትከሻ ትንፍሽ ሳይል በኮቱ እንደሚያስተካክለው ማለት ነው። ይህን የተረዳሁት ካደግኩ በኋላ ነው።

በዚያ ዓመት ቤታችን ውስጥ የሚወሩ ሁለት ወሬዎች ነበሩ። አንደኛው የማሽኑ ወሬ ነው። ኖታ የሚያትም ማሽን ተገዝቶ ሊመጣ ነው ተባለ። እኔ ማሽኑ አባቴ አጠገብ ተቀምጦ የሚያግዘው መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። እናቴ ግን ወሬው በተነሣ ቁጥር ጨርቅ አጣጥፋ መልሳ ትዘረጋዋለች። የኦርኬስትራው ዳይሬክተር አባቴን ጠርቶ እንዲህ ብሎት ነበር፦ «ከላይ ያሉት ማሽኑ ይሻላል፣ እሱ አይሳሳትም እያሉ ነው። እኔ የምከራከርልህ አንተም እንደማትሳሳት ይዤ ነው። አንድ ስህተት የተገኘብህ ቀን አፍ የለኝም።»

ሁለተኛው የሰውየው ወሬ ነው። አባቴ ከሥራ ሲገባ እናቴን «ሰውየው ዛሬ ምን እንዳደረገ ታውቂያለሽ?» ይላታል። «ቫዮሊኖቹን በሙሉ ዝም አሰኝቶ አንዷን ብቻ ተዋት!» አባቴ ዝምተኛ ነው፤ ስለ ሰውየው ሲያወራ ግን እጁ አርፎ አይቀመጥም ነበር። እኔ ሰውየውን ምድር ቤት አብሮት የሚሠራ ጉደኛ ባልደረባው አድርጌው ነበር።

ሰውየው እንደኛ ጥቁር የነበረ፣ ቀን ባቡር ጣቢያ ሻንጣ እየተሸከመ ማታ ሲምፎኒ ይጽፍ የነበረ የክላሲካል ሙዚቃ ደራሲ ነው። በሕይወቱ ሳለ ሥራውን ሊጫወትለት የፈቀደ ኦርኬስትራ አልነበረም። ከሞተ ከሃምሳ ዓመት በኋላ በእጁ የጻፈው ሲምፎኒ ልጁ ቤት ከአንድ ሳጥን ውስጥ ተገኘና ፊልም ሊሠራለት ተወሰነ። ለፊልሙ የኛ ኦርኬስትራ ሲጫወተው ገልባጩ አባቴ ሆነ። በዚያ ትልቅ ሕንፃ ውስጥ ጥቁር የነበሩት አባቴና ደረጃ የምታጥበው ሴት ብቻ ነበሩ።

ፊልሙ ሲያልቅ የሰፈራችን ሰው «እኛ ሳናይማ አይታለፍም» አለ። ነገሩን የያዙት ጡረታ የወጡት ፖስተኛ ናቸው። ፕሮጀክተር ተዋሱ፣ ከየቤቱ ወንበር ሰበሰቡ፣ የሰፈሩን አዳራሽ መስኮቶች በብርድ ልብስ አስጋረዱ። እናቴ የምትሠራው ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ስለነበር ሁለት ያረጁ አንሶላዎች አስፈቅዳ አመጣችና አንድ ላይ ሰፋቻቸው። እነሱ ስክሪን ሆኑ።

«የሰውየው ልጅም ትመጣለች» አለችኝ አክስቴ። የአባቴ እህት ናት፤ አንዴ ከተከፈተች ስለማትዘጋ ሰፈሩ «ሬዲዮ» ነው የሚላት። እኔ ልጅ ትመጣለች ስባል የመዝለያ ገመዴን በኪሴ ይዤ ሄድኩ። ከመኪና ደግፈው ያወረዷት ልጅ ግን ከዘራ የያዙ፣ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሴትዮ ሆነው አረፉት። ገመዴን ወደ ኪሴ መለስኩ።

ሴትዮዋ ከፊት ተቀመጡ። አጠገባቸው ክራቫት ያሰረው የኦርኬስትራው ዳይሬክተር ተቀመጠ። እኛ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነን፤ አባቴ ዳር፣ ቀጥሎ እናቴ፣ ከዚያ እኔ፣ ከዚያ ሬዲዮ። መብራት ጠፋ። ከብርድ ልብሶቹ ቀዳዳ የፀሐይ ክር እየገባ አቧራው ሲርመሰመስ ይታያል። ከዚያ አንሶላው ላይ የሰውየው ፎቶ በራ፤ የእናቴ ስፌት በግንባሩ ላይ ያልፋል። አዳራሹ ትንፋሹን ሰበሰበ። እንደዚያ ትልቅ ሆኖ የተሠራ የጥቁር ሰው ፊት ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። ዓይኖቹ ብቻ የኛን ጠረጴዛ ያክላሉ።

አንድ ወፍራም ድምፅ ሕይወቱን ይተርክ ጀመር። ባቡር ታየ፣ ሻንጣ ታየ፣ በረዶ ታየ። «በዚህች ብርዳማ ክፍል ውስጥ ነበር የሚጽፈው» አለ ድምፁ። ወዲያው ስክሪኑን የሞላ እጅ መጣ፤ ብዕር የያዘ ጥቁር እጅ፣ ነጭ ወረቀት ላይ።

ያ እጅ ትንሿ ጣቱ ጎባጣ ነበረች። በር ጨፍልቋት ጎብጣ የቀረች ጣት፣ ጠዋት ጠዋት ፀጉሬን ስታበጥር የማውቃት! እጁ ነጠብጣቦቹን ጽፎ ጨረሰ፣ ማስመሪያ አነሣ፣ ዘንጎቹን አቆመ።

«አክስቴ! የአባዬ እጅ ነው!»

«ዝም በይ አንቺ፤ የማንም እጅ አምስት ጣት ነው ያለው» አለችኝ ሬዲዮ። በሕይወቷ ዝም በይ ስትል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አባቴን አየሁት። አንገቱን ደፍቶ ጉልበቶቹን ያያል። እናቴ በጨለማው ውስጥ ፈገግ ብላለች። በቃ፣ ምስጢሩ ተገለጠልኝ። ሰውየው የሚባል ሌላ ሰው የለም። ይህን ሁሉ የጻፈው አባቴ ነው። ለዚህ ነው ጠረጴዛውን የማንነካው፤ ለዚህ ነው ሰውየው ምን እንዳደረገ ሁልጊዜ የሚያውቀው! ሞተ የተባለው ጉዳይ ትንሽ አስቸገረኝ፤ ግን ትልልቅ ሰዎች ልጅ ፊት ብዙ ነገር ደብቀው ስለሚያወሩ አለፍኩት።

እውነቱ ቀላል ነው። ፊልም ሠሪዎቹ ሲጽፍ የሚያሳዩት ጥቁር እጅ ፈልገው ነበር። አንድ ጠዋት ካሜራቸውን ይዘው ምድር ቤት ወረዱና አባቴን «እኛን እርሳንና ሥራህን ሥራ» አሉት። ፊቱ ያለውን ገጽ ገለበጠ፤ ቀርጸው ሄዱ። አፍሮ ከእናቴ በቀር ለማንም አልተናገረም።

እኔ ግን ሒሳቡን ቀጥያለሁ። አባቴ ሰውየው ከሆነ፣ የሰውየው ልጅ እህቴ ናቸው። ከኋላቸው ሆኜ ጆሯቸውን መረመርኩ። የጆሯቸው ጫፍ ቁርጥ የኔን ይመስላል። ሰማንያ ዓመት የሞላት እህት ያለው ልጅ ክፍላችን ውስጥ እንደሌለ ሳስብ ወንበሩ አልበቃ አለኝ።

ሙዚቃው ቀስ ወዳለው ክፍል ገባ። ፖስተኛው የተዋሱት ድምፅ ማጉያ ያረጀ ነው፤ ቢሆንም ያ ድምፅ ከወለሉ በጫማዬ በኩል ወጥቶ ሆዴ ውስጥ ገባ። ብዙ ሰዎች አንድ ከባድ ነገር ተጋግዘው ተሸክመው ደረጃ የሚወርዱ ይመስላል፣ ቀስ፣ ቀስ፣ እንዳይወድቅባቸው። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እንዲህ ያለ ነገር ከሰው ይወጣል? ያውም እንቁላል ሲጠብስ ከሚያሳርር፣ ካልሲው ከተቀደደ አባቴ?

በዚህ መሐል እጁ እንደገና ስክሪኑ ላይ መጣ። መጻፍ ጀመረና ድንገት ብዕሩ አየር ላይ ቆመ።

«እዚህ ላይ» አለ ወፍራሙ ድምፅ፣ «ሊቁ ቆም ብሎ ያስባል።»

አዳራሹ በአንድ ላይ «እእ...» አለ። ፖስተኛው ባርኔጣቸውን ከራሳቸው አነሡ። እጁ አንድ ነጠብጣብ ጻፈ፤ ሙዚቃው ወረደና ረጋ፣ ውብ ሆኖ። ሕዝቡ ሁሉ ተነፈሰ።

«አይ» አሉ ሴትዮዋ ከፊት።

ጮክ አላሉም፤ ግን ሁሉም ሰማ። ፊልሙ ቀጥሎ አለቀ፣ መብራት በራ፣ ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። ፖስተኛው እንባቸውን ጠርገው ሴትዮዋን እንዲናገሩ ጋበዟቸው። ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«አመሰግናለሁ። አባቴን በሕይወት ያየሁት መሰለኝ» አሉ። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ይቺን ቀስ ያለችዋን አባቴ ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ያንጎራጉራት ነበር። ሁሉም የሚወርዱበት ቦታ ላይ እሱ አይወርድም። እዚያው ላይኛው ድምፅ ላይ ይቀራል። ያቺ ድምፅ ጆሮ ትቆረቁራለች። ትንሽ ልጅ ሆኜ ለምን አትወርድም ስለው ‹አንድ ሰው ቆሞ የዘገዩትን መጠበቅ አለበት› ይለኝ ነበር። ዛሬ ጠበቅኳት፤ የለችም።»

«እማማ፣ ሰባ ዓመት እኮ አለፈው» አሉ ፖስተኛው በርኅራኄ። «ጊዜ ስንቱን ያስረሳል።»

«ወረቀቱን ባለሙያ ነው ያየው» አለ ዳይሬክተሩም ክንዳቸውን ደገፍ አድርጎ። «በኛ ገልባጭ እጅ ያለፈ ነገር ስህተት የለበትም።»

ከሁሉ የማልረሳው ይህን ነው፤ ሴትዮዋ ፊት ላይ የነበረው ነገር ቀስ እያለ ሲጠፋ አየሁት። «እንግዲህ እኔ ነኛ የተሳሳትኩት» አሉ። «ከሱ የቀረችኝ አንድ ነገር እሷ ነበረች፤ እሷንም ለካ ራሴ ነኝ የፈጠርኳት።» ሊቀመጡ ወንበሩን በእጃቸው ፈለጉ።

የአባቴ ወንበር ተንቋቋ። እናቴ የኮቱን ጫፍ ያዘች።

«ተቀመጥ» አለችው በሹክሹክታ። «ሰውየው አጠገባቸው ነው ያለው። ከራስ በላይ ነፋስ።» ሰውየው ያለችው ዳይሬክተሩን ነበር። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም ነበር፤ ዋናው ጽሑፍ ተመልሶ ተቆልፎበታል፣ ሴትዮዋ ኖታ ማንበብ አይችሉም።

አባቴ ጣቶቿን አንድ በአንድ ከኮቱ ላይ አነሣና ቆመ።

እኔ ልፈነዳ ደረስኩ። በቃ ሊናገር ነው! ተነሥቼ አጨበጨብኩ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል የማጨበጭበው እኔ ብቻ ነኝ።

«አልተሳሳቱም፣ እማማ» አለ አባቴ። «አባትዎ የጻፉት እርስዎ እንዳሉት ነው። ሌሎቹ ሁሉ ሲወርዱ ሁለተኛው ክላርኔት እዚያው ላይኛው ድምፅ ላይ ቀርቷል፣ ብቻውን። አይቼዋለሁ። ብርድ ነው፣ ድካም ነው፣ ረስተውት ነው አልኩ። እኔ አወረድኩት። ማንንም አልጠየቅኩም።» ወደ ሕዝቡ ዞረ። «ቅድም ብዕሩ ቆም ሲል ያያችሁት... እጁ የኔ ነው። ሊቁ ሲያስብ አይደለም። እኔ ስሳሳት ነው።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀና ወዲያው አቆመ። ዳይሬክተሩ ቀስ ብሎ ዞሮ አባቴን አየው፤ ቀጥሎ መሬት መሬት ማየት ጀመረ።

«ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ» አለች ሬዲዮ፣ ለራሷ።

እናቴ አላለቀሰችም። ከዓመታት በኋላ እንደነገረችኝ፣ ያን ሰዓት በአንድ ልቧ ልትገድለው፣ በሌላው ልቧ እንደገና ልታገባው አስባ ነበር። ማሽኑ በሚቀጥለው ወር ገባ። አባቴን መጋዘን ጠባቂ አደረጉትና እስከ ጡረታው ድረስ አሮጌ ወረቀት ሲቆጥር ኖረ። ከምድር ቤቱ ክፍል ከመውጣቱ በፊት ግን የሁለተኛውን ክላርኔት ገጽ አውጥቶ ያቺን ነጠብጣብ በምላጭ ፍቆ ወደ ቦታዋ መለሳት። ዛሬ ያንን ሲምፎኒ የሚጫወት ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጫወተው።

ያን ቀን ግን እኔ ምንም አልገባኝም። አባቴ ትሕትና ማብዛቱ ነው አልኩ፤ ትልልቅ ሰዎች ሲመሰገኑ «ኧረ ምንም አላደረግኩም» ይሉ የለ? እንዲህ እያልኩ ወደ ሴትዮዋ ሮጥኩና ቀሚሳቸውን ያዝኩ።

«እህቴ ነዎት አይደል?» አልኳቸው።

ጎንበስ ብለው አዩኝ። «ማን አለሽ?»

«እጁን አውቀዋለሁ። ጣቱ ጎባጣ ነው። ሙዚቃውን የጻፈው አባዬ ነው።»

ሳቁብኝ ብል ዋሸሁ። ጉንጬን ያዝ አድርገው «የኔ አባት ግራኝ ነበር፣ የኔ ልጅ» አሉኝ። «ያ እጅ የሱ እንዳልሆነ ገና ሲጀምር ነው ያወቅኩት። ግን እንዴት የሚያምር እጅ ነው ብዬ ዝም ብዬ ሳየው ነበር።»

ዓለሜ ተደረመሰ። ታዲያ አባቴ ማነው? ሊቅ አይደለም፤ የሌላ ሰው ወረቀት የሚገለብጥ፣ እሱንም የተሳሳተ፣ በሰው ፊት የተዋረደ ሰው ነው። አልቅሼ ልሮጥ ስል ሴትዮዋ እጄን አልለቅ አሉኝ። እኔን እንደያዙ ወደ አባቴ ሄዱና ከፊቱ ቆሙ።

«ጆሮዬ አልከዳኝማ?»

«አልከዳዎትም፣ እማማ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ሌሎቹ የሚወርዱበትን ታውቀዋለህ?»

«የሁሉንም አውቀዋለሁ። ሁሉንም ጽፌዋለሁ።»

«እንግዲያ አስተምራቸው» አሉ አዳራሹን በከዘራቸው እየጠቆሙ። «እኔ ሌላ ቀን ልጠብቅ የምችል ሰው አይደለሁም።»

አባቴ ግራ ተጋባ። ሲዘፍን ሰምቼው አላውቅም፤ ለልደቴ እንኳ አፉን ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው። ግን እያፈረ፣ እያላበው ጀመረ። ከቀኝ የተቀመጡትን አንድ ድምፅ፣ በግራ ያሉትን ሌላ፣ ወንዶቹን ከታች ያለውን ወፍራሙን አስያዛቸው። በአፍንጫ ብቻ፣ ያለ ቃል። ፖስተኛው ከድምፅ ወጥተው አስቸገሩ። ሬዲዮ አንዴ ከያዘችው አልለቅ አለች። ዳይሬክተሩ ትንሽ ቆይቶ ኮቱን አወለቀና ከወንዶቹ ጋር ተቀላቀለ። አራት ጊዜ ፈረሰብን። በአምስተኛው ያዝነው።

ያ ከባድ ነገር እንደገና ደረጃውን መውረድ ጀመረ። አሁን ግን ተሸካሚዎቹ እኛ ነን፤ ልብስ አጣቢዋ እናቴ፣ ፖስተኛው፣ ሴትዮዋን ያመጣቸው ሾፌር፣ እኔም። ደረስንና ሁላችንም ወረድን። ሴትዮዋ ብቻ አልወረዱም።

ቀጭን ድምፅ ነው። የኛን ሲነካው ጥርሴ ውስጥ ተሰማኝ፤ ይቆረቁራል፣ ግን እንዲያቆም አትፈልጉም። ከኛ በላይ ሆና አንዲት ሰው ቆማለች፤ እኛ ታች ሆነን እንሰማታለን። እናቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ቅድም ከስክሪኑ የሰማነው ውብ ነበር፤ ይሄኛው ግን ሰው ያለበት ነበር።

የሰማንያ ዓመት ሳንባ ነውና ድምፃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ኖታዋ ልትወድቅ ነው። የሴትዮዋ እጅ እጄን ጭምቅ አደረገው፤ ትንፋሻቸው አለቀ። ያን ጊዜ ከኛ ጋር ወርዶ የነበረው አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ላይ ወጣና ከሳቸው ተቀበላት።

ሴትዮዋ ማንጎራጎራቸውን አቁመው አዩት። እሱ ግን አላቆመም።